ዋንጫ ላላመጣላቸው አሰልጣኝ ለምን ያለቅሳሉ?

ስዊድናዊው አሰልጣኝ ስቬን ጎራን ኤሪክሰን ኦገስት 26 ቀን 2024 በ76 ዓመቱ ሲያርፍ የሐዘን መልእክቱ ከአንድ አገር ብቻ አልመጣም። የስዊድኑ ጎተንበርግ፣ የፖርቹጋሉ ቤንፊካ፣ የጣሊያኖቹ ሳምፕዶሪያና ላዚዮ፣ ከዚያም የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን በእጁ ያለፉ ናቸው። የየአገሩ ደጋፊ የራሱን ዘመን እያስታወሰ ተሰናበተው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለ ዜና በመጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ አብሮ ይመጣል። "እጁን እንኳ ጨብጠው ለማያውቁት ሰው ይህ ሁሉ ለቅሶ ምንድን ነው?" የሚሉ አሉ። ደጋፊውን ይከፋዋል። "ለእኛ የሆነልንን ስለማታውቁ ነው" ይላል። ክርክሩ ብዙ ጊዜ በመዘላለፍ ያልቃል፤ ጥያቄው ግን የምር መልስ ይገባዋል። ሐዘኑ እውነተኛ ነው ወይስ ሆይ ሆይታ? ከየት ይመጣል? ምንስ ያስከትላል?

## ዋንጫ ብቻውን መልስ አይሆንም

ቀላሉ ማብራሪያ "ዋንጫ አምጥቶላቸው ነዋ" የሚለው ነው። ሲሰሙት ያሳምናል። በእግር ኳስ ታሪክ ትልልቅ የሚባሉትን ሐዘኖች ጠጋ ብሎ ለሚያይ ግን አይበቃም።

እንግሊዛዊውን አሰልጣኝ ሰር ቦቢ ሮብሰንን እንውሰድ። የእንግሊዙን ክለብ ኒውካስልን የያዘው በሴፕቴምበር 1999 ነው። ቡድኑ ያን ጊዜ የሊጉ መጨረሻ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሮብሰን በ2002 አራተኛ፣ በ2003 ሦስተኛ፣ በ2004 አምስተኛ አድርጎ ጨረሰ። ዋንጫ ግን አልነካም። በኦገስት 2004 አዲሱ የውድድር ዘመን ገና ከመጀመሩ ክለቡ አሰናበተው።

ጁላይ 31 ቀን 2009 በካንሰር ሲሞት ኒውካስል ከፕሪሚየር ሊጉ ከወረደ ገና ሁለት ወር አካባቢ ነበር። ደጋፊው በክለቡ አንጀቱ የቆሰለ ደጋፊ ነው። እንዲያም ሆኖ ሰው ወደ ክለቡ ስታዲየም ወደ ሴንት ጀምስ ፓርክ ጎረፈ። አንደኛው የመቀመጫ ክፍል ተከፈተለት። ወንበሮቹ በስካርፍ፣ በማልያ፣ በአበባና በእጅ በተጻፉ መልእክቶች ተሸፈኑ። ከማልያዎቹ መካከል የሌሎች ክለቦችም ነበሩበት።

የጃክ ቻርልተን ታሪክ ደግሞ ከዚህም ይገርማል። ቻርልተን እንግሊዛዊ ነው፤ በ1966 በተጫዋችነት ለእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ አንስቷል። በ1986 ግን የአየርላንድ ሪፐብሊክን ብሔራዊ ቡድን ያዘና ለአሥር ዓመት ያህል አሰለጠነ። ከእሱ በፊት አየርላንድ በዓለም ዋንጫም ሆነ በአውሮፓ ዋንጫ የመጨረሻ ውድድር ላይ ቀርባ አታውቅም። በ1988 ለአውሮፓ ዋንጫ አለፈች፤ እዚያም እንግሊዝን 1 ለ 0 ረታች። በ1990 የዓለም ዋንጫ እስከ ሩብ ፍጻሜ ተጓዘች። በዚያ ውድድር በመደበኛው ሰዓት ያሸነፈችው አንድም ጨዋታ የለም። ሦስቱንም የምድብ ጨዋታዎች አቻ ወጣች፣ ሩማንያን በመለያ ምት ጣለች፣ በጣሊያን 1 ለ 0 ተሸንፋ ተመለሰች። ይህ ጉዞ ነው እስከ ዛሬ የሚተረከው። አገሪቱ በ1996 ለቻርልተን የክብር ዜግነት ሰጠችው።

በጁላይ 2020 ሲሞት ጊዜው የኮሮና ነበር። ቀብሩ ላይ ብዙ ሰው መገኘት አልተፈቀደም። አስከሬኑ ባደገባት በአሺንግተን ከተማ ሲያልፍ ሕዝቡ በየመንገዱ ዳር ቆሞ ሸኘው። አየርላንድ ደግሞ ባሕር ማዶ ሆና አዘነች።

ሁለቱም ለእነዚህ ደጋፊዎች ያስቀመጡት ዋንጫ የለም። እንግዲህ የሐዘኑን ምንጭ ሌላ ቦታ መፈለግ አለብን። እኔ እንደሚመስለኝ ምንጩ ይህ ነው፤ አሰልጣኙ አንድን ብዙ ሕዝብ ለጥቂት ዓመታት "እኛ" እንዲል አድርጎታል። ያ "እኛ" ሲያሸንፍም ሲሸነፍም የነበረ ነው። ሰውየው ሲሞት ከሕዝቡ የሚጎድለውም ከዚያ ላይ ነው።

## አሰልጣኝ ከተጫዋች የሚለይበት

ተጫዋች ይወደዳል፤ ግን ይሸጣል፣ ይጎዳል፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ጫማውን ይሰቅላል። አሰልጣኝ ከቆየ የብዙ ትውልድ ተጫዋች በእጁ ያልፋል። በተጨማሪም የቡድኑ አንደበት እሱ ነው። ቅዳሜ ማታ ሽንፈቱን የሚያስረዳው፣ ስህተቱን በራሱ ላይ የሚወስደው፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ተስፋ የሚሰጠው አሰልጣኙ ነው። ደጋፊ ሳምንቱን የሚውለው የእሱን ንግግር እየተነተነ ነው።

ይህን ጉዳይ ከሊቨርፑሉ ቢል ሻንክሊ በላይ የሚያሳይ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሻንክሊ በዲሴምበር 1959 ሲመጣ ክለቡ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ነበር። በ1962 አሳደገው። ከዚያ በ1964፣ በ1966 እና በ1973 ሊጉን አነሳ። እነዚህ ትልልቅ ነገሮች ናቸው። ደጋፊው አብዝቶ የሚያወራው ግን ሌላ ነው። በ1973 የሊጉን ዋንጫ ይዞ ወደ ደጋፊው ሲቀርብ ከሕዝቡ መካከል አንድ ስካርፍ ይወረወርለታል። አንድ ፖሊስ ስካርፉን ወደ ጎን ይጥለዋል። ሻንክሊ ጎንበስ ብሎ አነሳው፣ አንገቱ ላይ ጠመጠመው፣ ፖሊሱንም ገሠጸው። ይህ ለአንድ ሰው ሕይወቱ ሊሆን ይችላል ማለቱ ነበር።

ከደጋፊ ለሚመጡለት ደብዳቤዎች መልስ የሚጽፈው ራሱ ነበር፤ በጽሕፈት መኪናው ቁጭ ብሎ እየተየበ። በ1974 ጡረታ ወጣ። ሴፕቴምበር 29 ቀን 1981 በልብ ሕመም ሞተ። አመዱ በሊቨርፑል ስታዲየም በአንፊልድ ውስጥ፣ ኮፕ የሚባለው የደጋፊዎች ክፍል ፊት ለፊት ተበተነ። በ1982 በስሙ የተሰየመው በር ቆመ፤ በ1997 ሐውልቱ። ሐውልቱ ሥር የተጻፈው ሕዝቡን ደስተኛ እንዳደረገ የሚናገር አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። የዋንጫ ብዛት አልተዘረዘረበትም። ሐውልቱን ያቆሙት ሰዎች የሐዘናቸውን ምክንያት በትክክል ያወቁት ይመስለኛል።

## "አያውቁትም" የሚለው ወቀሳ

ወቀሳው ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። በ1956 ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን ፓራሶሻል የሚል ስያሜ አወጡ። የአንድ ወገን ትውውቅ ማለት ነው። ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚከታተል ሰው አቅራቢውን ልክ እንደ ወዳጁ ማወቅ ይጀምራል፤ አቅራቢው ግን እሱን አያውቀውም። ደጋፊና አሰልጣኝም እንዲሁ ናቸው። ደጋፊው የአሰልጣኙን አነጋገር፣ ቁጣ፣ የኮት አለባበስ ሳይቀር ያውቃል። አሰልጣኙ የሚያየው ብዙ ሺህ ፊት ነው።

ከዚህ ተነስተው ሐዘኑን የይስሙላ ነው የሚሉ አሉ። እዚህ ላይ ነው የማልስማማው። ትውውቁ የአንድ ወገን ነው፤ በዚያ ትውውቅ ውስጥ ያለፈው ዕድሜ ግን የደጋፊው የራሱ ነው። ሰው ዕድሜውን በአሰልጣኝ ዘመን ይቆጥራል። "በእገሌ ጊዜ ገና ተማሪ ነበርኩ" ይላል። ከአባቱ ጋር ስታዲየም የገባበት፣ ከጓደኛው ጋር ሬዲዮ ላይ ጆሮውን ደቅኖ ያመሸበት ጊዜ ከዚያ ስም ጋር ታስሯል። አባትየው ዛሬ በሕይወት ላይኖር ይችላል፤ ጓደኛውም ርቆ ሊሆን ይችላል። አሰልጣኙ ሲሞት እነዚያ ሁሉ አብረው ይታወሳሉ። አንድ ጎልማሳ በቴሌቪዥን ፊት ዕንባው ሲመጣ ለማን እያለቀሰ እንደሆነ ራሱም ለይቶ ላያውቅ ይችላል።

አሜሪካዊው የሐዘን ተመራማሪ ኬኔት ዶካ በ1989 ያነሳው ሐሳብ እዚህ ይረዳል። ማኅበረሰቡ ዕውቅና የማይሰጠው ሐዘን አለ ይላል። ሰውየው አዝኗል፤ ነገር ግን ቤተ ዘመድ ስላልሆነ "አይዞህ" የሚለው የለም። እንዲህ ያለ ሐዘን መውጫ ሲያጣ ይከብዳል። የደጋፊው ሐዘን በዚህ ክፍል ውስጥ ይወድቃል። ሥራ ቦታ ሄዶ "አሰልጣኜ ሞቶብኝ ነው" ቢል ይስቁበታል። ስለዚህ የማይስቁበት ቦታ ይፈልጋል። ያ ቦታ ስታዲየሙ ነው።

## ሐዘኑ ሜዳ ላይ የሚሠራው ሥራ

ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ኤሚል ዱርካይም በ1912 ባሳተመው ሥራው ለቅሶ የግል ስሜት ብቻ እንዳልሆነ ጽፏል። አንድ ማኅበረሰብ አባሉን ሲያጣ ይሳሳል፤ ተሰብስቦ ሲያለቅስ ደግሞ አሁንም መኖሩን ለራሱ ያረጋግጣል። ስታዲየም ውስጥ የሚሆነውን ይህ አገላለጽ ጥሩ አድርጎ ያሳያል።

የአንድ ደቂቃው የሕሊና ጸሎት ከእግር ኳስ የመጣ አይደለም። ሥሩ ኖቬምበር 11 ቀን 1919 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በብሪታንያ ሲታሰብ የተደረገው የሁለት ደቂቃ ጸጥታ ነው። ስታዲየሞች ተቀበሉት። ኃይሉ ያለው ከባድነቱ ላይ ነው። አርባና ሃምሳ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ዝም ለማለት መስማማት አለበት። አንድ ሰው ከጮኸ ይፈርሳል። የማንቸስተር ዩናይትዱ የቀድሞ አሰልጣኝ ሰር ማት በዝቢ በጃንዋሪ 1994 ሲያርፍ ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ክለቡ ስታዲየም ወደ ኦልድ ትራፎርድ የመጡት የኤቨርተን ደጋፊዎች ነበሩ። አንድ ባግፓይፕ (የስኮትላንዳውያን ባለ ከረጢት ዋሽንት) ነፊ ሁለቱን ቡድኖች እየመራ አስገባ። የእንግዳው ቡድን ደጋፊዎች ጸጥታውን አከበሩ። ከበዝቢ ጋር አብሮ የሚታወሰው ይህም ነው።

ዛሬ ብዙ ቦታ ጸጥታው በአንድ ደቂቃ ጭብጨባ እየተተካ ነው። በዚህ ላይ ሁለት ሐሳብ አለ። ጭብጨባውን የሚደግፉት የሕይወት ማክበሪያ ነው ይላሉ፤ ረባሽም ቢኖር ድምፁ ይዋጣል። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ጸጥታው የሚፈራው ባላጋራው ስለማይታመን ነው፤ ስለዚህ ጭብጨባው ሽሽት ነው ባዮች ናቸው። ረጅም ዕድሜ ኖሮ ላለፈ አሰልጣኝ ጭብጨባው አይከፋኝም። ሆኖም ባላጋራ ዝም ሲልልህ የሚሰማው ክብር በጭብጨባ አይገኝም።

ባላጋራ ከተነሳ እንግሊዛዊውን አሰልጣኝ ብራያን ክላፍን ማለፍ አይቻልም። ክላፍ ደርቢ ካውንቲን በ1972 የሊግ ሻምፒዮን አደረገ። በኋላ የደርቢ ጎረቤትና ባላንጣ የሆነውን ኖቲንግሃም ፎረስትን ይዞ በ1978 ሊጉን፣ በ1979 እና በ1980 የአውሮፓ ክለቦች ሻምፒዮናን ወሰደ። ሴፕቴምበር 20 ቀን 2004 ሲሞት የመታሰቢያ ጸሎቱ በደርቢ ካቴድራል ሊደረግ ታስቦ ነበር። የሚመጣው ሰው ካቴድራሉ ከሚችለው በላይ ሆነ። ስለዚህ ወደ ደርቢ ስታዲየም ወደ ፕራይድ ፓርክ ተዛወረ፤ ከ14 ሺህ የማያንስ ሰው ተገኘ። በሌላ ቀን አብረው የማይቀመጡት የሁለቱ ክለቦች ደጋፊዎች በአንድ ላይ ቆሙ። በኋላ ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው አውራ ጎዳና በስሙ ተጠራ።

ስኮትላንድ ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። የሴልቲክ የቀድሞ አሰልጣኝ ቶሚ በርንስ በሜይ 2008 ሲቀበር የሬሳ ሣጥኑን ከተሸከሙት መካከል የሬንጀርሱ አሰልጣኝ ዋልተር ስሚዝ ነበር። የእነዚህን ሁለት የግላስጎው ክለቦች ፉክክር ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፉክክሩ ግን በዚህ ቀረ ማለት አይደለም፤ ሰኞ የተቃቀፈ ደጋፊ ቅዳሜ ይሰዳደባል። ሐዘን ጠብን አያጠፋም፤ ወሰን ግን ያበጅለታል።

## ሙት ወቃሽ ላለመሆን

አስቸጋሪው ክፍል ይህ ነው። ሰው ሲሞት ጉድለቱን ማንሳት ነውር ነው። "ሙት ወቃሽ አያድርገኝ" ብለን ነው የምንጀምረው። አሰልጣኝ ደግሞ የአደባባይ ሰው ነው፤ ተናግሯል፣ ወስኗል፣ አስቀይሟል።

አሁንም ክላፍን እንይ። ኤፕሪል 15 ቀን 1989 በሂልስቦሮ ስታዲየም በደረሰው መጨናነቅ የሊቨርፑል ደጋፊዎች አለቁ። የሟቾቹ ቁጥር ዛሬ 97 ነው። የዚያ ቀን ተጋጣሚ የክላፍ ፎረስት ነበር። ክላፍ በ1994 ባሳተመው ግለ ታሪክ ጥፋቱን በሊቨርፑል ደጋፊዎች ላይ ጣለ። ኋላ ላይ የተሳሳተ መረጃ ይዞ እንደነበር አምኗል። በ2016 የአሟሟት ምርመራውን የሰሙ የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) ደጋፊዎቹ ጥፋት እንደሌለባቸው ወሰኑ። ስለዚህ በ2004 ኖቲንግሃም ስታለቅስ ለክላፍ ማልቀስ ያቃተው ሊቨርፑላዊ ቢኖር ልንፈርድበት አንችልም። የራሱ ሙታን አሉበት።

አንዳንዶች ይህን ሁሉ ለሌላ ቀን እናቆየው ይላሉ። በቀብር ቀን ልክ ናቸው፤ የሚያዝን ቤተሰብ አለ። ለሁልጊዜ ሲሆን ግን ታሪክ ይበላሻል። እኔን የሚያሳምነኝ ሰውየውን ከነጉድለቱ የሚያስታውስ ሐዘን ነው። የደርቢው ሐውልት ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ክላፍና ምክትሉ ፒተር ቴይለር በ1983 ተቀያየሙ። ሳይነጋገሩ ቴይለር በ1990 ሞተ። ክላፍን ይህ እስከ መጨረሻው ጸጽቶታል። በ2010 የቆመው ሐውልት ሁለቱን ጎን ለጎን ያሳያል። ሐውልቱን የሚያይ ደጋፊ ድላቸውንም ኩርፊያቸውንም ያውቃል።

## ክለቡና ስልኩ

ሐዘኑን የሚያስተናግደው ክለብ ራሱ ጥቅም አለው። ጥቁር የክንድ ጨርቅ፣ መታሰቢያ ማልያ፣ በስም የተሰየመ መቀመጫ፣ ሐውልት፤ እነዚህ ሁሉ የክለቡን ስም ያሞቃሉ። ተቺዎች "በሕይወት እያለ ያባረረው ክለብ ነው ዛሬ ሐውልት የሚያቆምለት" ይላሉ። ሮብሰን ላይ ይህ ደርሷል። በ2004 ተሰናበተ፣ በ2012 ሐውልቱ ከስታዲየሙ ውጭ ቆመ። ትችቱ ፍሬ አለው። ግን ያባረረው አመራር ሌላ ነው፤ ሐውልቱ ሥር አበባ የሚያኖረው ሕዝብም ሌላ።

ሶሻል ሚዲያ ደግሞ ፍጥነት ጨመረ። ዜናው በተሰማ በደቂቃዎች ውስጥ ክለቡ፣ ተጫዋቹ፣ ደጋፊው ሁሉ ይለጥፋል። ያልለጠፈ ይወቀሳል። ይህ ሐዘኑን ወደ ፉክክር ይወስደዋል፤ መጥፎ ገጽታው ነው። በሌላ በኩል ስታዲየሙን አንድም ቀን ረግጦ ለማያውቅ የሩቅ ደጋፊ ከሌሎች ጋር የሚያዝንበት ቦታ ያ ብቻ ነው።

ሐዘን ወደ ሥራ ሲቀየርም ታይቷል። ሮብሰን በ2008፣ ሞቱን እያወቀ፣ ለካንሰር ሕክምናና ምርምር የሚውል ፋውንዴሽን አቋቋመ። መጀመሪያ የታሰበው 500 ሺህ ፓውንድ በሰባት ሳምንት ተሰበሰበ። እሱ ካለፈም በኋላ ሰው ማዋጣቱን አልተወም።

## ሳይሞቱ መሰናበት

በጃንዋሪ 2024 ኤሪክሰን ካንሰር እንዳለበትና ቢበዛ አንድ ዓመት ያህል እንደቀረው በይፋ ተናገረ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሊቨርፑል ደጋፊ እንደነበርና ክለቡን የማሰልጠን ሕልም እንደነበረውም ገለጸ። ሊቨርፑል ሰማው። ማርች 23 ቀን አንፊልድ ላይ የሊቨርፑል የቀድሞ ተጫዋቾች ከአያክስ አቻዎቻቸው ጋር ሲጫወቱ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ቡድኑ 2 ለ 0 ከመመራት ተነስቶ 4 ለ 2 አሸነፈ። ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበለት፤ እሱም ዕንባው መጣ።

የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ኤሪክ ሊንደማን በ1944 ሰው ሞት ከመድረሱ በፊት ማዘን እንደሚጀምር ጽፎ ነበር። ቀድሞ የሚመጣ ሐዘን ልንለው እንችላለን። የኤሪክሰን ስንብት እንዲህ ያለው ነው፤ አንድ ነገር ግን ይጨምራል። እላይ ያልነው የአንድ ወገን ትውውቅ ለአንድ ከሰዓት የሁለት ወገን ሆነ። ደጋፊው ሲያመሰግን ተመስጋኙ ይሰማል። ሮብሰንም ከመሞቱ አምስት ቀን በፊት በተሽከርካሪ ወንበር ሴንት ጀምስ ፓርክ ገብቶ በስሙ የተዘጋጀውን የበጎ አድራጎት ጨዋታ አይቷል። ያሰናበተው ክለብ ሜዳ ነበር።

ይህ ልማድ የሚሰፋ ይመስለኛል። አንደኛው ምክንያት ሕመምን በአደባባይ መናገር እየተለመደ መምጣቱ ነው። ሌላው ምክንያት ያሳዝናል። በ2019 የወጣ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ጥናት የቀድሞ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች እንደ አልዛይመር ባሉ የአንጎል በሽታዎች የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሰው ወደ ሦስት ተኩል እጥፍ እንደሚሆን አሳይቷል። ብዙ አሰልጣኞች የቀድሞ ተጫዋቾች ናቸው። ቻርልተንም በመጨረሻ ዘመኑ የመርሳት በሽታ ነበረበት። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ምስጋናው ካልቀደመ ሰውየው ሳይሞት እንኳ ይዘገያል።

## ከእንግዲህ ለማን ይለቀሳል?

ሻንክሊ አንፊልድ ወደ አሥራ አምስት ዓመት ቆየ። ክላፍ ፎረስት ላይ አሥራ ስምንት፣ ሮብሰን ኢፕስዊች ላይ አሥራ ሦስት። ዛሬ ትልልቅ ክለቦች ውስጥ ሦስት ዓመት የሞላ አሰልጣኝ እንደ ነባር ይታያል። አምስት ጨዋታ ከተሸነፈ ሻንጣውን ያዘጋጃል። ከዚህ ተነስተው እንዲህ ያለው ሐዘን ከአንድ ትውልድ በኋላ አይኖርም የሚሉ አሉ።

ዕድሜ ይጠቅማል፤ ብቻውን ግን አይወስንም። ሮብሰን ኒውካስል ላይ የቆየው አምስት ዓመት ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ ቢባል፣ ሮብሰን የዚያው አካባቢ የማዕድን ሠራተኛ ልጅ ነበር፣ በልጅነቱም የኒውካስል ደጋፊ። ሰዉን በቋንቋው ያናግረዋል፣ ሽንፈቱ እሱንም ያመዋል። ቻርልተን ደግሞ ባዕድ ነበር፤ ሆኖም ሕዝቡን ወደደው፣ ወደዱት። ሁለቱም ሕዝቡን እንደ ደንበኛ አላዩትም።

ዛሬም እንዲህ ያሉ አሰልጣኞች አሉ። ቁጥራቸው ግን ያንሳል፤ ሥራው ራሱ እንደ አላፊ መንገደኛ እንዲኖሩ ያስገድዳቸዋል። ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሜዳ ሙሉ ሰው የሚያለቅስላቸው ጥቂቶች ይሆናሉ ብዬ እገምታለሁ። እነሱም የግድ ብዙ ዋንጫ ያነሱት አይሆኑም።